ለጋሼ ገብረ መድኅን ቤት ግምት ላወጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን የቤት ግምትና ስም ማዛወሪያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? ወንበርዎስ ተመችቶዎታል? እኔ፣ መናኸሪያው በር ላይ ጨርቅ የምሸጠው ጠይባ ኢርሻድ፣ አላህ ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለ ጋሼ ገብረ መድኅን ግን እንዲህ ብዬ ልጽፍልዎ ባለመቻሌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እርስዎ ብዙ ጉዳይ ስላለብዎ ረስተውት ይሆናልና ከመነሻው ላስታውስዎ። ጋሼ ገብረ መድኅን የቡና ማጠቢያ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ፣ በስተርጅና ልባቸው የከዳቸው ጎረቤቴ ነበሩ። መቱ ላይ የመረመሯቸው ሐኪም «ጅማ ሄደው ቶሎ ካልታከሙ አይሆንም» ስላሏቸው ያላቸውን አንድ የጭቃ ቤት ለመሸጥ ቆረጡ። እኔም ልጆቼን ይዤ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንከራተት ኖሬ ስለነበር በሽማግሌ ፊት ተዋዋልን። ከዋጋው ጥቂቱን ለምርመራ ወሰዱ፤ ቀሪውን ስሙ ሲዞር ልሰጣቸው ተስማማን፤ ለቴምብር ቀረጡና ለስም ማዛወሪያው የሚሆነውንም በውላችን ዋጋ አስልቼ ለብቻው አስቀመጥኩ። ሒሳብ እንደምችል ያመንኩት እርስዎን ከማወቄ በፊት ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. የግምት ባለሙያዎ ጭቃው ጫማቸውን እንዳያበላሽ ከአጥር ውጭ ቆመው ቤቱን በማየታቸው አመሰግናለሁ። ከዚያ ሆነው ሲያዩት፣ ጣሪያው የሚያፈሰው ማድ ቤት «ሰርቪስ ቤት» ሆነ፤ ቤቱም ከተዋዋልንበት እጥፍ አወጣ። ቀረጡም አብሮ አደገና ያስቀመጥኩት ብር ለግማሹ እንኳ አልበቃ አለ። እርስዎ «ዋጋ ደብቃችኋል» ሲሉን፣ ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው በመድኃኔዓለም ማሉ። «አባባ፣ መሐላ ግምት አይቀንስም» ብለው አስተማሯቸው። በዚያ ዕድሜ መምህር ማግኘት ዕድል ነው።

፪ኛ. ሻጩም ከትርፋቸው ግብር እንደሚጠብቃቸው ስላበሠሯቸው አመሰግናለሁ። ጭቃውን በእግራቸው አቡክተው ቤቱን የሠሩት ጋሼ፣ «ልጄ፣ ይህን ያህል ያተረፍኩ ሰው ከሆንኩ መታከሚያ ያጣሁት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁዎ። ስልክ እያነጋገሩ ስለነበር አልሰሟቸው ይሆናል ብዬ ጥያቄውን እዚህ ደግሜዋለሁ።

፫ኛ. ቅሬታችንን የሚያየው ኮሚቴ አንዴ ሥልጠና፣ አንዴ የመስክ ሥራ፣ አንዴ ደግሞ ኮረም አልሞላም እየተባለ ሳይቀመጥ በከረመባቸው ወራት ሁሉ፣ በሩን ከፈት አድርገው «ቦሩ ኮታ» ይሉን ነበር። ነገ ኑ ማለትን በአክብሮት ቃል ስለነገሩን ክብር ይስጥልኝ። ጋሼ ዝናብ እየመታቸው መጥተው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ይመለሱ ነበር። እግራቸው ማበጥ ሲጀምር፣ «ስሙ በኋላ ይዙር፣ ቀሪውን ብር ይውሰዱና ይታከሙ» አልኳቸው። «ስሙ ሳይዞር ገንዘብሽን በልቼ ብሞት ልጆችሽ ሜዳ ላይ ይቀራሉ፤ አላደርገውም» አሉኝ። እየፈራሁ ብሩን ለልጃቸው ለመታሰቢያ በግድ አስያዝኳትና ተያይዘው ጅማ ሄዱ። የጅማው ሐኪም «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» አላቸው። ሬሳቸው በሚኒባስ ተመለሰ።

፬ኛ. ይህንን ግን በምን ቃል እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ከሐዘኑ በኋላ መታሰቢያን ይዤ ቢሮዎ ስገባ፣ ቀና ሳይሉ «ሻጩ በአካል ይቅረቡ» አሉ። መሞታቸውን ስነግርዎ፣ «እንግዲያው የሞት ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብ፤ ግምቱም በአዲስ ይሠራል» አሉኝ። ያን ጊዜ መታሰቢያ በቀስታ፣ «አባቴ በርዎ ላይ ሲቀመጥ ከርሟል። ስሙን ያውቁታል?» ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ፋይሉን ገልጠው አነበቡላት። አነባበብዎ ጥሩ ነበር፤ አንድ ፊደል አልሳቱም።

ልጅቱ ከቢሮዎ ወጥታ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄደች። ድልድዩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ስሙ ስላልዞረ ቤቱን ማስቀረት ትችል ነበር፤ እንዲህ አድርጊ ብለው የመከሯትም ነበሩ። እሷ ግን «አባቴ የሸጠውን አልሸጥም» ብላ የወራሽነት ማስረጃውን ልታወጣልኝ ፍርድ ቤት እየተመላለሰች ነው። እኔም የሟች ስም ባለበት ቤት ከልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ሲዘንብ ከዚያ ሰርቪስ ቤት ከሚሉት ውስጥ ውኃ እንቀዳለን።

የማንንም መሐላ ሳያምኑ፣ የማንንም ስም ሳይዙ፣ ማኅተምዎን በጤና ይዘው ለረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን፣ እኛንም በትዕግሥት ስላሳደጉን ዋጋዎን እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

አክባሪዎ ጠይባ ኢርሻድ

ይድረስ ካልኩ በኋላ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ልነሣ ስል ከቢሮዎ የመጣ ጥሪ በበሬ ሥር ገብቶ አገኘሁ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቤቱን በውላችን ዋጋ እንዳጸደቀ ገልጾ፣ ጋሼ ገብረ መድኅን በአካል ቀርበው እንዲፈርሙ ያዝዛል። ጋሼ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከዋንዛው ሥር ናቸው። እሳቸው መምጣት ስለማይሆንላቸው እርስዎ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱላቸው። ግን አይቸኩሉ፤ መሄድዎ እንደሆነ አይቀርም።