ፕሪንተሩ የተገናኘ ቀን

ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን

ለሆዴ፣ ለትልቋ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ? ያቺ ትንሿ ሳሉ ለቀቃት? እኛ አለን። «አለን» ስልሽ እንደ ወትሮው ለወጉ ያልኩት እንዳይመስልሽ፤ እኔም ታናሽሽም እውነትም በሕይወት አለን። መጀመሪያ እሱን ያዢልኝ፤ ሌላውን ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ድምፅሽን ስሰማ እንባዬ ቀደመኝ። «እማዬ ምን ሆነሽ ነው?» ስትዪኝ «ጉንፋን ነው» አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው የመሰለብሽም ቀኝ እጄ ጄሶ ውስጥ ስላለ ነው። በግራዬ እየሞነጫጨርኩ፣ ሲደክመኝ እየተውኩ፣ ደግሞ እየቀጠልኩ ነው የጻፍኩልሽ።

ታናሽሽ ከባሏ ቤት ወጥታ እኔ ጋ መግባቷን ታውቂያለሽ። ለምን ስትዪኝ «አልተስማሙም» ብዬሽ ነበር። አልተስማሙም ማለት ምን እንደሆነ አሁን ልንገርሽ። የመጣች ዕለት ሻርፗን ስታወልቅ የሰውዬው ጣቶች አንገቷ ላይ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል ስሠራ ስንቱን ቁስል አጥቤያለሁ፣ ስንቱን ስብራት አስሬያለሁ፤ ያንን አንገት ግን ደፍሬ ማየት አቃተኝ። ከጎን አንድ ጥርሷ የለም። «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» ስትለን የነበረው ሁሉ እሱ ነው።

ደግሞ መች ተዋት! መኪናውን አጥራችን ጥግ አቁሞ ይውላል። አይጮህ፣ አይሳደብ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ብናመለክት «መንገድ ላይ መኪና ማቆም ወንጀል አይደለም» ብለው መለሱን። አንድ ቀን ታናሽሽ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ፊቷ አመድ መሰለ። «እማዬ፣ ውጭ ተቀምጦ የኛን ዋይፋይ እየተጠቀመ ነው» አለችኝ። ለካስ ያን ራውተር ያስገባልን እሱ ነው፤ በደጉ ጊዜ፣ አንቺንና ልጆችሽን በቪዲዮ እንዳይ ብሎ። ስሙን «ፍቅራችን» ብሎ ያወጣለትም እሱ፣ ፓስወርዱን የሠርጋቸውን ቀን ያደረገውም እሱ። በማግስቱ ታናሽሽ ነቅላ ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችውና አዲስ አስገባች። ከዚያ ወዲህ መኪናውን አጥራችን ጥግ አላየነውም። እፎይ አልን።

መዘዙ ግን በፕሪንተሩ በኩል መጣብን። ሥራዋን ታውቂያለሽ፤ ለአጸደ ሕፃናት ፊደልና ሥዕል ያለበትን ወረቀት እያዘጋጀች፣ አንቺ በላክሽላት ፕሪንተር ቤት ቁጭ ብላ ታትማለች። አዲሱ ራውተር ሲገባ ፕሪንተሩ አኮረፈ። ያቺ ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ አትረጋም። አጥፍታ አበራችው። ከመኝታ ቤት አውጥታ ሳሎን ራውተሩ ጉያ አስቀመጠችው። ያው ነው። እኔም ተናድጄ አንዴ በጥፊ ባልሰው «እማዬ፣ ኧረ ሰው አይደለም!» ብላ ሳቀች። ወደ ቤቴ ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ጠዋት ነበር፤ ቁርስ በልተን ተነስተናል። ወረቀቱ ለትምህርት ቤቱ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ ደወለችና እኔም እንድሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰውዬ አነሳ። አድራሻችንን አረጋገጠና ጀመረ።

«እህቴ፣ ፕሪንተርሽ ስክሪን አለው?»

«የለውም። ቁልፍ ብቻ ነው ያለው።»

«እሺ፣ የዋይፋዩን ቁልፍ ተጭነሽ ያዢው። መብራቱ መብለጭለጭ ሲጀምር ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ቁልፍ ተጫኚ።»

አንዱን እሷ፣ አንዱን እኔ ተጫንን። እንደ ዓይን ሐኪም ጎንበስ ብለን መብራቷን ጠበቅን። ጠፋች።

«አልሆነም» አለችው።

«ገባኝ። አዲሱ ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ ነው የሚለቀው። የድሮ ፕሪንተር አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዚህ ሆኜ ልለያቸው… አሁንስ?»

«አሁንም እንቢ አለ።»

«እንግዲያው አንድ ዘዴ አለ። ፕሪንተሩ የድሮውን ስም ሸምድዶ ይዟል። አዲሱን ራውተር በድሮው ስም ጥሪው፤ ፓስወርዱንም የድሮውን አድርጊው። ፕሪንተሩ የለመደው ቤት የገባ ይመስለውና ራሱ ይገናኛል።»

የታናሽሽ ጣት ስልኩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እህቴ፣ አለሽ?»

«አለሁ። ሌላ መንገድ የለም?»

«ባለሙያ መላክ እችላለሁ፤ ግን ዛሬ አይደርስልሽም። ለዛሬ ብቻ አድርጊው፤ ሥራሽን ስትጨርሺ ትቀይሪዋለሽ።»

ሰውዬው ምን ያውቃል? እሷም ማስረዳቱ አሳፈራት። «ለዛሬ ብቻ» ብላ ለራሷ አጉረመረመችና «ፍቅራችን» ብላ ጻፈች።

መብራቷ ረጋች። ፕሪንተሩ አቃሰተ፣ ወረቀት ጎተተ፣ የመጀመሪያዋ ገጽ ወጣች፤ ትልቅ «ሀ»፣ ከሥሩ ሀብሐብ። ታናሽሽ አጨበጨበች። ሰውዬውም በወዲያ በኩል «ጎሽ! ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ?» አለ።

የግቢው በር ቆርቆሮ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ነው። ዘሎ ነው የገባው። መኪናውን ከኋለኛው መንገድ እያቆመ ኖሯል፤ እኛ ደግሞ የሄደ መስሎን። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የድሮውን ስም ሲያገኝ እንደ ፕሪንተሩ ራሱ ተገናኘ።

እየሳቀ ገባ፣ ልጄ! ስልኩን ከፍ አድርጎ እያሳየን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ገባልኝ! ስልኬ ራሱ ገባልኝ! ስሙን መልሰሽዋል። ተመለስ ማለትሽ ነው፣ አይደል?»

ታናሽሽ ወደ ኋላዋ እየሸሸች «ለፕሪንተሩ ነው» አለችው።

«ለምኑ?»

«ለፕሪንተሩ። አልገናኝ ብሎኝ ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲወርድ አየሁት። በቡጢ አፏን አላት። ጸጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ ደጋግሞ አጋጨው፤ የታተሙት ወረቀቶች በደም ራሱ። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። እጄን ይዞ እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠመዘዘው፤ ሲሰበር ጆሮዬ ሰማው። ሆዴን በእግሩ ብሎ ቁም ሳጥኑ ሥር ጣለኝ። ከዚያ ራውተሩን ከግድግዳው መንጭቆ ገመዱን አንገቷ ላይ ጠመጠመ። «ለፕሪንተር! ለፕሪንተር ነው ያሾፍሽብኝ!» እያለ ይስባል። እግሯ መሬቱን ይደበድባል። ፊቷ ሲጠቁር፣ ምላሷ ሲወጣ አየሁ። መጮህ እፈልጋለሁ፤ ትንፋሽ የለኝም።

የጮኸልን ስልኩ ነው። «ሰውዬ! እየሰማሁህ ነው! አድራሻቸው እጄ ላይ ነው፣ ፖሊስ እየመጣ ነው! ልቀቃት!»

ዞሮ ስልኩን አየ። «ወንድ ነው?» አለ። «ወንድ አስቀምጠሽ ነው?» ገመዱን ለቀቀና ስልኩን በቡጢ መታው። ስልኩ ተስፈንጥሮ ሶፋው ሥር ገባ፤ ሰውዬው አሁንም ከዚያ ውስጥ ይጮሃል። እሱም ሊያወጣው ተንበረከከ፤ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ።

ያኔ ፕሪንተሩ አናቱ ላይ አረፈ።

እኔ ነኝ የመታሁት። ለፖሊስ የነገርኩት ይህንን ነው፤ ለዳኛውም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ላንቺም የምጽፈው ይህንኑ ነው። አንዴ ሲያርፍበት ቀና ሊል ሞከረ። ሁለተኛው ሲያርፍበት ከሶፋው እግር ጋር ተጋጭቶ ተዘረጋ። ከዚያም በኋላ ወረደበት፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ ቀለም ከደሙ ጋር ግድግዳው ላይ ይረጫል። «በቃ ልጄ፣ በቃ፣ በቃ» የሚል የራሴ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ጸጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ እንኳ ዝም አለ።

እየዳህኩ ሄጄ ትንፋሹን አየሁ፤ ነበረ። ፎጣ አምጥቼ ቁስሉን በደህናው እጄ ተጫንኩ። ጠልቼው ነበር፤ እጄ ግን የለመደውን ሠራ። አልዋሽሽም፣ ከልቤም እንዲተርፍ ፈልጌ ነበር፤ ለሱ ብዬ ብቻ ግን አይደለም። ቀጥሎ ሳፋ አመጣሁና የታናሽሽን እጅ አጠብኩ። እስከ ክርኗ ቀለም ነበር። እንደ ሕፃን ልጅ ዘርግታልኝ ቆመች። ቀለም ለካ ቶሎ አይለቅም፤ በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅኩት። ቀሚሷንም አስለወጥኳት።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ አለቃቸው ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና «ማን ነው የመታው?» አለ።

ታናሽሽ አፏን ሳትከፍት «እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማማ፣ በዚህ እጅ?»

«ልጄን ሲያንቃት እጄ መሰበሩን መች አወቅኩት?»

ሳፋው ውስጥ ያለውን ውኃ አየ። ታናሽሽን አየ፣ አንገቷን አየ። ከዚያ የነገርኩትን ጻፈ።

የታናሽሽ ባል ሆስፒታል ትንሽ ሰንብቶ ሳይነቃ ሞተ። እናቱ በራችን ላይ መጥታ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። «ምን አደረጋችሁት?» ትላለች፣ መልሳ ደግሞ «እሱስ ምን አደረጋችሁ?» ትለኛለች። መጋረጃው ጀርባ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ፤ በሩን ግን መክፈት አልቻልኩም። እኔ ልጄ ጓዳ አለችልኝ፤ እሷ ምን አላት?

ጥቂት ጊዜ አሰሩኝ፤ በዕድሜዬና በእጄ ምክንያት በዋስ ለቀቁኝ። ያ የስልኩ ሰውዬ ምስክር ሆኖ ቀረበ። ድምፁን ሰምቼ ጎልማሳ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ራሱ ሙሉ ሽበት ነው። ዳኛው የሰማውን ሲጠይቁት፣ የታናሽሽ ባል ሲደበድብ፣ ሲዝት፣ ሴት ስትታነቅ፣ አሮጊት ስታቃስት መስማቱን ተናገረ። ከችሎት ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ።

«እማማ፣ የድሮውን ስም መልሱ ያልኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ የለኝም» አለኝ።

«አንተ ነህ ያተረፍካት። ባትጮህ ኖሮ አሁን የምናለቅሰው ለሷ ነበር» አልኩት።

ወዲያ ወዲህ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መስመሩ እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር። የተጠየቅኩትን ሁሉ መልሻለሁ፤ ያልተጠየቅኩትን ግን አላወራሁም።» እጄን በሁለት እጁ ጨብጦኝ ሄደ።

ጠበቃችን ተስፋ ሰጥቶኛል። ልጇን ለማዳን ነው፣ ሕጉም ይረዳታል ይላል። ዓቃቤ ሕጉ ደግሞ «ከወደቀ በኋላስ ለምን ተመታ?» እያለ እሱን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ቢፈርዱብኝ እንዳትደነግጪ። እኔ ድሬ ኩዬ ያየሁትን አይቻለሁ፤ አልጋ እዚህም አልጋ፣ እዚያም አልጋ ነው። ነርስ የሌለበት እስር ቤት ደግሞ አሮጊት ነርስ ትጠቅማለች።

ታናሽሽን ግን ነይና ውሰጂያት። ስትመጪ ስለዚያ ቀን አትጠይቂያት። «በርግጥ እማዬ ናት?» ብለሽ በዓይንሽም እንኳ አትጠይቂያት። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆችሽ አውሪያት። ምግብ ትበላለች፤ አንገቷም እየዳነ ነው። በር ሲንኳኳ ግን ሮጣ ጓዳ ትገባለች፤ እጇንም በቀን ብዙ ጊዜ ትታጠባለች።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። አንዳንዴ ድንገት ቀና ትልና «እማዬ፣ እኔ እኮ…» ብላ ትጀምራለች። አስጨርሻት አላውቅም። «ሻይሽ በረደ ልጄ፣ ጠጪ» እላታለሁ። ጎንበስ ብላ ትጠጣለች።

የኔ ሆድ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። የልጆችሽን ክፉ አያሳይሽ፤ ልጆችሽም ያንቺን ክፉ አይዩ። ፈጣሪ እህትሽን ላንቺ፣ አንቺን ለእህትሽ ያቆይልኝ።

ሁለታችሁንም እኩል የምትወዳችሁ

እናትሽ