ገጽ አሥራ ሁለት ሳይነበብልዎ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ጓዴ፣ ላይ ጋይንት

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? እናቴንስ ሳሉ ለቀቃት? ከብቶቹስ ደኅና ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ይህን ወረቀት መጀመሪያ «የዚህ ደብዳቤ ዋና ዓላማ» ብዬ ጀምሬው ቀደድሁት። ዘንድሮ እንዲህ ሆኛለሁ። አብራኝ የምታድረው ሀናን፣ ውኃ ሲጠፋ እንኳ «የውኃ እጥረት ይስተዋላል» ትያለሽ እያለች ትስቅብኛለች። ጥናት መጻፍ ስንጀምር ከእኛ በፊት የተመረቁት የጻፉትን ከቤተ መጻሕፍት እያወጣን አነጋገራቸውን እንገለብጣለን። እኔ ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። በወርቅነህ እጅ የላክሁልዎ ጥራዝ ስለ ቀበሌያችን እርሻ የጻፍሁት ነው። ቸኩዬ መምህሬ ሳያዩት ላክሁት። ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳዩት መሆኑን ወንድሜ ንጋቱ ነግሮኛል፤ ቅዳሜም ከንፋስ መውጫ መጥቶ ሊያነብልዎ ነው። በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «አርሶ አደሩ የተሻሻለ የስንዴ ዘር የማይዘራው በግንዛቤ እጥረት ነው» ይላል። ያ አርሶ አደር እርስዎ ነዎት።

ክረምት ላይ ጠይቄዎ ነበር። የወንዝ ዳሩ ማሳ ውርጭ ይተኛበታል፣ ስንዴውን እሸት ሳለ ይመታዋል፣ ገብሱ ግን ቀድሞ ይደርሳል አሉኝ። ሁለት ዓመት ዘርተው ያዩት ነው። ድምፅዎ እስካሁን በስልኬ አለ። ነገር ግን የእርስዎ አነጋገር ጥናት አልመስል አለኝና ከደብተሬ አንዱን አነሣሁ። መምህሬ ወይዘሮ ሊድያ ኋላ እኔ ዘንድ የቀረውን ቅጂ ሲያዩ ከሥሩ «ይህን ማን ነገረሽ?» ብለው ጻፉበት። ከደብተሬ ነው ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው። መገልበጤን አልተቆጡም፤ ሁላችንም እንዲሁ ነው የጀመርነው፣ ግን የሰው ቃል ስትወስጂ ግምቱንም አብረሽ ትወስጃለሽ አሉኝ። አፈርሁ አባዬ። ይቅር ይበሉኝ።

ገጹን እንደገና ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የነገሩኝን እንዳለ አስገብቼዋለሁ፤ በመጨረሻም መረጃ ከሰጡኝ ሰዎች ተርታ ስምዎ ከነአባትዎ ሰፍሯል። ለመምህሬ የማስረክበው እርስዎ ከሰሙት በኋላ ነው።

እናቴን በእኔ ፈንታ ሳሙልኝ። የአያቴን የእማሆይ ወለተ ጊዮርጊስን ጉልበት ስሜያለሁ፤ በጸሎታቸው አይርሱኝ። ትንሿ ፈትለወርቅ ትምህርቷን እንዳትቀር። ንጋቱንም ሰላም በሉልኝ። ፖስታው ውስጥ ያለውን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያንብብልዎ፤ የተሳሳትሁት ካለ እርስዎ ይንገሩት፣ እሱ ያስምርበት።

ልጅዎ ዕፀገነት
ባሕር ዳር፣ ኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም.