የእትዬ ሉዌላ ሳህን

ዊኒ፣

ለአክስትሽ ልጆች የጠየቅሽኝ የምግብ ቤት ዝርዝር ይኸውልሽ። ልወጣ ስለሆነ ጽሕፈቴን ቻይው።

ገበያው አጠገብ፣ ጣሪያው ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ሸርጣን የተሰቀለበት ቤት ውሰጃቸው። እኔ በልቼበት አላውቅም፣ ግን ለፎቶ ያምራል። ጠዋት የበቆሎ ገንፏቸው ላይ ስኳር የሚነሰንሱ ከሆነ፣ አስተናጋጇ እንዳታይ ጋርጂላቸው። እዚህ ቻርለስተን ከተማ ውስጥ ለዚህ ይቅርታ የለም።

እትዬ ሉዌላ ምግብ ቤት ግን ድርሽ እንዳትሉ።
ሰባት ወንበር ብቻ ያላትን ቤት "ምስጢሬ" ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ከለጠፍሽው ወዲህ፣ የባሚያ ሾርባው እኔ ሳልደርስ ያልቃል። ሃያ ዓመት እንደ ቤቴ ስበላ ኖሬ ትናንት ተሰለፍኩ።

እትዬ ሉዌላ ትቆጣብሻለች ብዬ ስጠብቅ ደግሞ፣ "ያቺ የጻፈችልኝ ልጅ አብራሽ አይደል የምትኖረው? በይ ይህን አድርሺላት" ብላ ቀይ ሩዝ ከሸርጣን ጋር በሳህን አድርጋ፣ ሸፍና ሰጠችኝ።

መንገዱ ረጅም ነበር። መዓዛውም አብሮኝ ነበር።

ሳህኑን አጥቤ ምድጃው ላይ አስቀምጬልሻለሁ። እዚህ አገር የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። የሆነ ነገር ሠርተሽ አድርጊበትና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በፊት አድርሺላት። ሸርጣኑ እንዴት ነበር ብላ መጠየቋ አይቀርም።

ግሩም ነበር በያት። እውነት ነው።

ቬርኔል