ጎብዬ ላይ ያልኩት አሚን

ልጄ ኢቅራ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ማሽላው ጥሩ ይዟል፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ሐሙስ ከወልድያ ስመለስ መኪናችን ጎብዬ ላይ ተበላሸና አንዲት የማላውቃት ሴት ከፀሐይ ግቢ ብላ ቤቷ አስገባችኝ። ሴቶች ተሰብስበው ዱዓ ላይ ነበሩ። የቤቱ እመቤት፣ "ኩዌት ውስጥ ልጄን እንደ እህት የያዘቻት የቆቦ ልጅ ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ አላህ ያሽራት በሉልኝ" አለች። እኔም አሚን አልኩ፤ ዓይኔ ግን መኪናው ጥሎኝ እንዳይሄድ በሩ ላይ ነበር። ስወጣ ለወጉ ያህል የልጅቱን ስም ብጠይቃት ያንቺን ስም ጠራችልኝ። ከልጇ ጋር የተነሳሽውንም ፎቶ አሳየችኝ።

ለእኔ በስልክ ጉንፋን ነው ትያለሽ፣ የጎብዬ ሴት ግን ቁስልሽን ሁሉ ታውቃለች። እናትሽ ማን ናት? እንዳትጨነቅ ነው እንዳትይኝ። ተመልሼ ገባሁና ዱዓውን እንደ አዲስ አስጀመርኳቸው። መኪናው ጥሎኝ ሄደ፤ ይሂድ።

አላህ ጨርሶ ያሽርሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። ከእንግዲህ ሲያምሽ አስቀድመሽ ለእኔ ንገሪኝ። ለገዛ ልጄ የባዳ አሚን አታስብይኝ።

እናትሽ ራቢያ