ጣቴን የማያውቀው ስልክ

ሰኔ 24
ሩት ከወልድያ መጣች። ተች ስልክ ይዛልኝ። ስልክ ነው እንዳልል መዝጊያ ያህላል፤ ከሸሚዜ ኪስ ግማሹ ወጥቶ ይቆማል። "አባዬ፣ ዓይንህ ደክሟል፣ ፊደሉ ይስፋልህ ብዬ ነው" አለችኝ። ደስ አለኝ። በልጅ መታሰብ ምን ይወጣለታል... ብዙነሽ ግን ገልመጥ አድርጋው "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለች። በተን ያላት ትንሿ ስልኬ ምን ጎደላት ማለቷ ነው። ሚስቴ አዲስ ነገር አይጥማትም።

ሰኔ 27
እስቲ ልመዝነው። ያለ መነጽር አነባለሁ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሩት ፊት ሰፍቶ ይታየኛል፤ አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። የማሽላዬን ቅጠል የበላውን ትል ፎቶ አንስቼ ለግብርና ባለሙያዋ ላክሁላት፣ ሳትመጣ መላውን ነገረችኝ። ክፉው ደግሞ... በየቀኑ ቻርጅ ይለምናል፤ ትንሿ ሳምንት ትጾም ነበር። ጎንበስ ስል ከኪስ ይወድቃል። እጄን ታጥቤ ስነካው ደግሞ ጭራሽ ዝም ይለኛል። ሩት በስልክ ሳቀችብኝ። "ጣትህን አድርቅ አባዬ፣ ርጥብ ጣት አያውቅም።" ርጥብ ጣት የማያውቅ የገበሬ ስልክ አለ?

ሐምሌ 2
አያ ኢብሮ፣ የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍለው የውሃ አባታችን፣ ሥራ ደለደለ። ጎርፉን ወደ ማሽላው የሚመልሰው ክትር ባለፈው ፈርሷል። ስድስት ሰው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ይጠግናል፤ መሪያቸው ከማሉዲን። እኔ እንዳለፉት ዘጠኝ ዓመታት ሁሉ ከላይ ጠባቂ ነኝ። ቤቴ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ደጋው ይታየኛል። እነሱ ወንዙ ሆድ ውስጥ ሆነው ምን ያያሉ? ደጋው ላይ ዘንቦ ውሃው ሲነሳ እደውላለሁ፣ ይወጣሉ። ከደወልኩ እስኪደርስባቸው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። እነሱ ጋ ፀሐይ እየጠበሰ ነው ጎርፉ የሚመጣው፣ ክፋቱ።

የከማሉዲን ስልክ ተሰብሯል። ትንሿን ከነሲሟ ሰጠሁት፤ ለእኔ ሩት አዲስ ቁጥር አውጥታልኛለች። "ለክረምቱ ብቻ ነው" አልኩት። "አብሽር፣ ሙሽራ አድርጌ ነው የምይዛት" አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ማማ ላይ ወፍ የጠበቅን ነን፤ ሲያሾፍብኝ አርባ ዓመቱ።

ስንበተን አያ ኢብሮ ጡሩንባ አመጣልኝ። የቅሬያችን፣ የዕድራችን ነው፣ ሰው ሲሞት የሚነፋው። ስልክ ሳይመጣ በፊት ጎርፉም የሚነገረው በእሱ ነበር፤ አንዱ ይነፋል፣ ወንዝ ዳር ያለው ቤት ሁሉ እየተቀባበለ ይጮሃል። "ይሄም ይኑርህ ይርጋ" አለ። ስልኬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ሐምሌ 6
ስልኩ የአየሩንም ይናገራል። "ቆቦ፣ ፀሐይ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ፀሐይ ነው። ግን ውሃችን የሚወርደው ከላስታ በኩል ነው... ያንን ማን ይንገረው?

ሐምሌ 9
ደጋው ላይ ደመና ሰፍሯል። አልወደድኩትም። ላሞቹም ከወንዙ ዳር ሳይነዷቸው ተመለሱ። ከማሉዲን ደወለ።
"እንዴት ነው ላዩ?"
"እስካሁን ደህና ነው። ግን ጠቆር ብሏል።"
"ነገ እንጨርሳለን፣ ኢንሻአላህ። አንተ ብቻ ሙሽራ ስልክህን እያየህ ደጋውን እንዳትረሳ!"
ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ደጋውን አየሁ። ጡሩንባውን ለምን አልወሰድኩም? በሰው ፊት ለመኩራት። ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ።

ሐምሌ 10
አልችልም።

ሐምሌ 12
ልጻፈው። ካልጻፍኩት ይገድለኛል።

ከትናንት ወዲያ ስምንት ሰዓት ላይ ጡሩንባውን ላመጣ ከደጄ ስወጣ ዝናቡ ያዘኝ። ቀና ስል ደጋው የለም፤ ጥቁር ብቻ። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም። ወደ ወንዙ አፋፍ ሮጥኩ፣ ውሃው ተነስቷል። ስልኩን አወጣሁ። የከማሉዲንን ስም ነካሁ። ዝም። በሸሚዜ ጠረግሁት፤ ሸሚዙም ርሷል። ጣቴን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አደረቅሁ፣ ነካሁ... ዝም። ስሙ ፊቴ ተገትሯል። ያለ መነጽር ይነበባል፣ ያ ሁሉ ፊደል! አይደወልም። ወደ ታች እየሮጥኩ ጮህኩ። እዚያ ድረስ የማን ጩኸት ይደርሳል?

የዝናቡ ጠብታ ራሱ ስልኩን እየነካካ የሩትን ስም ከፈተው። ፊቷ ብቅ አለ። "አባዬ? ምንድነው ድምፁ?"
"የድሮው ቁጥሬ ላይ ደውዪ! ከማሉዲን ያነሳል። ጎርፍ በይው!"
ያንን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። ደወለች። አነሳ።

አምስቱ ወጡ። ኸይረዲን ከአምስቱ አንዱ ነው፣ ማታ ነገረኝ። "ስልኩን ሳይዘጋ 'ውጡ!' አለ። አፋፉ ረጅም ነው፣ ያውም ጭቃ። አንድ በአንድ በትከሻው ገፍቶ አወጣን። እጁን ልይዝ ስዘረጋ ውሃው ቀደመኝ።" ስንት ደቂቃ በላሁበት? አስር? አስራ ሁለት? አንድ ሰው ለማውጣት ስንት ይበቃ ነበር?

ሐምሌ 14
ከማሉዲን ትናንት ከታች አሸዋው ውስጥ ተገኘ። የቅሬው ጡሩንባ ተነፋ። እስላሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ከቤት ቤት እየተቀባበለ እዚህ ዳገት ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ይደርስ ነበር ማለት ነው።

ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። ሚስቱ ሰይዳ "የአላህ ውሳኔ ነው ይርጋ፣ አይዞህ" አለችኝ። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ነሐሴ 3
ማሽላው ውሃ ጠግቧል። አያ ኢብሮ ጡሩንባውን ደጄ ላይ ሰቅሎልኝ ሄደ። አሁን ከአንገቴ አይወርድም፣ እህል ስቀምስም። ስልኩ ሳጥን ውስጥ ነው። ሩት ስትደውል ካልሆነ አላወጣውም፤ እሷም ፊቴን ስታይ ታለቅሳለች።

ትንሿ ስልክ ከከማሉዲን ጋር አልተገኘችም።

ዛሬ ግን እኔው አወጣሁት። ጣቴን አደረቅሁ፣ ሁለት ጊዜ። የገዛ የድሮ ቁጥሬን ነካሁ። ወዲያው ታዘዘኝ። ሴትዮዋ "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" አለችኝ። እንደገና ነካሁት።