የሎርና ድምፅ በሰው ስም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሌስሊ ክራብትሪ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን ቀስፎ የሚይዝህ በሽታ የአደሌድ ሙቀት አሻለው ወይስ እንደዚያው ነው? ባለቤትህ ሮዊናስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? በላክኸው ፎቶ ላይ ትልቁ ቁርጥ አባታችንን መስሎ እናታችን አልቅሳ አስለቀሰችን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ ኖርማንም ርግቦቹን እያባበለ አለ፤ እኔን ያን ያህል ቢያባብለኝ ምን ነበረበት።

ደህና ነን አልኩህ እንጂ እኔስ ደህና አይደለሁም። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ደሜ እንደ ፈላ ነው፤ ለአንተ ካልነገርኩህ የሚወጣልኝም አይመስለኝ። ነገሩ የታናሽ እህታችን የሎርና ነገር ነው።

አንተ በመርከብ ስትሄድ ሎርና በሠራተኞች ክበብ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። ያን ቀን ትዝ ይልሃል? ዘፈኑ ሞቅ ብሎ ሰው እንባ ሲያቀርር የክበቡ ጸሐፊ ማይኩን ከእጇ ቀምቶ «የሥጋ ፓዩ መጥቷል፣ ትኩስ ነው፣ ተሰለፉ!» ሲል አንተ ወንበር አንስተህ በስንት ልመና ያዝንህ። ከሄድክ በኋላ ከለንደን አንድ የሸክላ ኩባንያ መጥቶ ወሰዳት። «ሎርና ክራብትሪ የዳቦ ቤት ስም ነው» ብለው «ሎራ ሌን» አሏት። ጸጉሯን ቆራርጠው፣ አጭር ቀሚስ አልብሰው፣ ስለ ጃንጥላ የሚል የልጅ ዘፈን አዘፈኗት። ራዲዮ ላይ ጥቂት ሰሞን ተሰማች፤ ይሄንንማ እናታችን ጽፋልሃለች፤ ለሥጋ ሻጩ እንኳ ሳታወራ አልቀረችም።

ያልጻፈችልህን እኔ ልንገርህ። ሎርና ለምና ለምና በሁለተኛው ሸክላ ጀርባ ላይ የራሷን ምርጫ ዘፈነች። ሶል የሚሉት የአሜሪካ ጥቁሮች ዘፈን ነው። በጸሎት ቤት መዘምራን መሐል ያሳደገችውን ያንን ድምፅ ሳትቆጥብ የለቀቀችው በዚያች አንዲት ዘፈን ብቻ ነው። የኩባንያው ሰዎች ሰምተው ምን አሏት መሰለህ? «ይሄ ለአሜሪካ ጥቁሮች ነው የሚያምረው፤ አንቺ ጃንጥላሽን ያዢ።» ሸክላው ሳይሸጥ ቀረ፣ እሷንም አሰናበቷት። ሻንጣዋን አንጠልጥላ መጣች፤ አላገባች፣ አልዘፈነች፤ እናታችን ጋ ሆና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስትልጥ ይኸው አሥር ዓመት ሊሞላት ነው።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስማ። ልጄ ጊሊያን እንደ እኩዮቿ ሁሉ በድሮ የአሜሪካ ሶል አብዳለች። እዚህ እኛ አገር ወጣቱ ሁሉ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የጣሉትን ሸክላ እያፈላለገ ነው የሚጨፍረው። በጭፈራ አዳራሽ ሸክላ የሚያጫውቱት አጫዋቾችም አንድ ልማድ አላቸው፤ ብርቅ ሸክላ ያገኘ ሰው ተፎካካሪው እንዳያገኘው በዘፋኙ ስም ላይ ነጭ ወረቀት ይለጥፍበትና ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ስም ያወጣለታል። ይሄ ለእነሱ ነውር አይደለም፣ የሙያ ብልሃት ነው።

አንድ ቀን ጊሊያን እናታችን ቤት ሻይ እየጠጣን አንድ ዜማ ታንጎራጉራለች። ሎርና ኩባያዋን አስቀመጠችና ማን ነው የዘፈነው ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም «ኢርማ ጄይ ዋትስ ናት አክስቴ፣ አሜሪካዊት፣ የዲትሮይት ልጅ። ዘንድሮ ከሷ ዘፈን የሚበልጥ የለም። አንቺ አታውቂያትም፤ ሞታለች ነው የሚሉት» አለቻት። ሎርና ፊቷ አመድ መሰለና «መሞቴንስ አልሰማሁም ነበር» አለች። ጊሊያን ቀልድ መስሏት ሳቀች። እናታችን ግን ዜማውን ስለምታውቀው «ይቺ የኛ ናት!» ብላ ጠረጴዛውን መታች።

በሚቀጥለው እሑድ ተያይዘን ፓላዲን አዳራሽ ሄድን፤ ከቀትር ጀምሮ የሚጨፈርበት ቀን ነው። እንዲያንሸራትታቸው ወለሉ ላይ ታልክ ፓውደር ነስንሰው፣ ፎጣቸውን ቀበቶአቸው ላይ ሰክተው፣ እንደ እንዝርት ይሾራሉ። የሎርና ዘፈን ሲጀምር አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እውነቴን ነው ሌስሊ፣ አጥንቴ ድረስ ወረረኝ። ሎርናም አላስቻላትም፤ አጠገቤ ቆማ ከሸክላው ጋር ቀስ ብላ መዝፈን ጀመረች። ከፊታችን ያለ አንድ ረጅም ጎረምሳ ዞር ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እባክሽ ዝም በይልን፤ ዘፋኟን እንስማበት!»

የራሷን ድምፅ እንዲሰሙበት ዝም በይ ተባለች! እኔ ልጁን በቦርሳዬ ልለው ስል ሎርና እጄን ያዘችኝና ወደ አጫዋቹ ሄደች። ኪት ዋርበርተን ይባላል፤ ቀን ቀን ምንጣፍ ይሸጣል። ዘፋኟ እኔ ነኝ ስትለው ይክዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አለመካዱ ነው የባሰው! «አውቃለሁ እህቴ» አላት፣ ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል ሳይፈጠርበት። «ስሙን አጣርቼ ከደረስኩበት ቆይቻለሁ። ግን እስቲ አስቢው፤ ከዲትሮይት መጣች ሲባሉ ያብዳሉ። የቦልተን ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት ብላቸው ማን ይጨፍራል? ዘፈኑን ገደልሽው ማለት ነው። ለምን ዝም ብለሽ በየሳምንቱ በነፃ እየገባሽ አታዪም?»

በነፃ! በገዛ ድምፅዋ! አንተ ሌባ፣ አንተ ምንጣፍ ሻጭ ብዬ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት። ጊሊያን «እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» ትለኛለች። ይየና! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?

ሎርና ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዘፈኑ ሲያልቅ እጇን ሰደደችና ሸክላውን አንስታ ነጩን ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ምን ወጣ? «ሎራ ሌን»። ያ የለንደኖቹ ስም። አጠገባችን የቆሙት አንገታቸውን አስግገው አነበቡ፤ ያ ረጅሙ ጎረምሳም «እና ሎራ ሌን ደሞ ማናት? እትዬ ሎርና የትምህርት ቤታችን ምግብ ቤቷ አይደለሽም እንዴ? ድንች ስትጨምሪልኝ ነው ያደግኩት» አለ። ሳቁባት። ሁለት የውሸት ስም ተደርቦባት የራሷ የትም የለም። ያኔ ነው እህትህን ያየኋት፤ እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። የኪትን እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሳችና «ሎራ ሌን» የሚለውን ሰርዛ፣ በትልልቁ፣ «ሎርና ክራብትሪ» ብላ ጻፈችበት።

ኪት እጁን በበር እንደ ተቆነጠጠ ሰው ጮኸ። «ምን አደረግሽ! አገር ውስጥ ያለው አንድ እሱ ብቻ ነው፤ አበላሸሽው!» ይላታል። ሎርናም «የዘፈንኩት እኔ፤ በሰው ስም ሲጠራ ያልተበላሸ፣ በስሜ ነው የሚበላሸው?» አለችው። ቀና ብላም ለዚያ ጎረምሳ አንድ ስንኝ፣ አንድ ብቻ፣ ያለ ማይክ ለቀቀችለት። ልጁ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። አንዳንዶቹ ግን «በእንግሊዛዊት ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የጨፈርነው?» እያሉ ፎጣቸውን ሰብስበው ሲሄዱ በዓይኔ አየሁ። የተታለሉት በኪት፣ የተቆጡት በሎርና! አሁን ይሄ ፍርድ ነው?

ሎርና ሳምንቱን ሙሉ እንደ ወትሮዋ ሥራዋን ሄደች። ትናንት ጊሊያን ከአዳራሹ ስትመለስ እናታችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ኪት ሌላ የሚያጫውተው እንደሱ ያለ ሸክላ ስለሌለው እያጉረመረመ አጫወተው፤ ስሟንም በማይኩ በትክክል ጠራው አለችን። ከዚያ ወሬውን አቋርጣ ኮቷን ማውለቅ ጀመረች። እኔ ጨርሺው እንጂ ብዬ ስጮህባት፣ ግማሹ ሰው ወለሉን ጥሎ ወጣ ብላ አቀረቀረች። እናታችን ተራገመች፤ እኔም አላረፍኩም። ሎርና ግን ድንች መላጫውን አስቀምጣ «የቀሩትስ?» አለቻት። ጊሊያንም የቀሩት እንደ ወትሮው እንደጨፈሩ፣ ሲያልቅም ይደገም ብለው እንደጮሁ ነገረቻት። ሎርና ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቆይታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «እነዚያ የእኔ ናቸው» ብላ ድንቿን መላጥ ቀጠለች።

እናታችን ጉንጭህን ስማሃለች፤ በብርድ ልብስ እጥረት እንዳትታመም ትልሃለች፤ እዚያ ሙቀት ነው ብንላትም አትሰማም። ኖርማን እጅ ነስቷል። ጊሊያን አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ለሮዊና ልባዊ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጆቹን በየተራ እቀፍልኝ። ሎርናንም በጣም ናፍቀሃታል፤ ለሚመጣው ቅዳሜ በክበቡ እንድትዘፍን ጠይቀዋት እሺ ብላለች። ፓይ የሚባል ነገር ከበሩ ብቅ ካለ ዘንድሮ ወንበሩን የማነሳው እኔ ነኝ።

የማትረሳህ እህትህ ኤድና

ቦልተን፣ ላንክሻየር
ሰኞ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1975