የካውኮ ወስፌ

ይርጋዬ፣

በዚህ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ሐይቅ ውበቱ አያታልልህ። ፊንላንድ ስመጣ መጀመሪያ የለመድኩት ቃል «ቱሌ» ነው፤ «ና» ማለት ነው። ያስተማረኝ ጎረቤቴ ሽማግሌው ካውኮ ነበር። ና ቡና ጠጣ፣ ና ዓሣ እናጥምድ ይለኝ ነበር።

እሑድ ዕለት በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ይዞኝ ወጣ። በረዶ ተሰብሮበት ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ጠርዙን ወግቶ የሚወጣበትን፣ በገመድ የታሰረ ጥንድ ወስፌ ካንገቱ አውልቆ ለእኔ አጠለቀልኝ። «ያንተስ?» ስለው «እኔን ሐይቁ ያውቀኛል፣ አንተ የፀሐይ ልጅ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ከፊቴ ሲራመድ በረዶው ተሰብሮበት ውሃው ውስጥ ገባ። ወደ እሱ ስሮጥ «አትምጣ! አይችልህም!» ብሎ ጮኸ። እኛ ሰፈር ኡኡ ሲባል ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ወስፌው አንገቴ ላይ እያለ ቆምኩ። ሦስቴ «አትምጣ» አለኝ፤ በአራተኛው ድምፁ ጠፋ።

ዛሬ ወስፌውን ልመልስ ብሄድ ሚስቱ ሂልካ በሩን ከፍታ «ቱሌ» አለችኝ። እግሬ እምቢ አለኝና ተመለስኩ።

ካርዱ ላይ ቦታ ጠበበኝ። እማማ ዘነቡን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ደህና ነው በላቸው። ወስፌው አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

አስናቀ